የአካል ዝምድናና የሰው ክብር

ሰው፣ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛና የማዳጋስካሩ ሌሙር በሥነ ሕይወት ምደባ ፕራይሜት በሚባለው አንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ። ክፍሉ ከ500 በላይ ዝርያዎችን ይይዛል። ከሁሉም ትንሹ 30 ግራም ያህል የሚመዝን የማዳጋስካር ሌሙር ነው፤ ትልቁ፣ ወንዱ ጎሪላ፣ ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በመጠንም በኑሮም ይህን ያህል የሚራራቁት እንስሳት በአንድ ስም የሚጠሩት በአካላቸው አሠራር ስለሚመሳሰሉ ነው። ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ መገኘቱ ግን ከሥነ ሕይወት አልፎ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፦ በፈጣሪው አርአያ ተፈጠረ የሚባለው ፍጡር በሥጋው ከእንስሳት ጋር እንዲህ የሚዛመድ ከሆነ ክብሩ ምን ላይ ቆሟል? ለዚህ መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ዝምድናው ራሱ ምን እንደሚመስል ማየት፣ ቀጥሎም ፍልስፍናና ሃይማኖት የሰውን ልዩነት የት እንዳስቀመጡት መመርመር ያሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጋራው አካል

ፕራይሜትን ከሌሎች አጥቢ እንስሳት ለይቶ የሚያሳይ አንድ ብልት የለም። የሚለዩት ብዙ ጠባዮች በአንድነት ስለሚገኙባቸው ነው። የመጀመሪያው እጅ ነው። ጣቶቹ ረዣዥምና እንደልብ የሚታጠፉ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ዝርያዎች አውራ ጣት ከሌሎቹ ተነጥሎ ስለሚቆም ቅርንጫፍም ሆነ ፍሬ ለመጨበጥ ይመቻል። ከሰው በስተቀር በሁሉም ዘንድ ማለት ይቻላል የእግር አውራ ጣትም እንዲሁ ይጨብጣል። ድመትና ውሻ ሹል ጥፍር ባላቸው ቦታ በአብዛኞቹ ፕራይሜቶች ጣት ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጥፍር ነው። የጣታቸው ጫፍ ለስላሳና ለመዳሰስ ንቁ ነው፤ አሻራም ቢሆን የሰው ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይን ነው። የበግ ወይም የጥንቸል ዓይኖች በራስ ቅል ግራና ቀኝ ሲቀመጡ የፕራይሜት ዓይኖች ግን ፊት ለፊት ያያሉ። ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ስፍራ ስለሚደራረብ አንጎል ከሁለቱ ምስሎች ርቀትን ያሰላል። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ለሚዘል እንስሳ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ለዕይታ ብዙ ቦታ ሲሰጥ ለማሽተት የሚውለው ቦታ ቀንሷል፤ አፍንጫና አፍ ወደ ውስጥ ገብተው ፊት ጠፍጣፋ ወደ መሆን ያዘነብላል። አብዛኞቹ አጥቢዎች ቀለምን የሚለዩት በሁለት ዓይነት ተቀባይ ሕዋሳት ሲሆን የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች፣ ትልልቆቹ ሰው መሰል ፕራይሜቶችና ሰው ግን ሦስት ዓይነት አላቸው። የበሰለውን ቀይ ፍሬ ወይም ለጋውን ቅጠል ከአረንጓዴው ጫካ መሃል ነቅሶ ለማየት የሚያስችለው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከአንጎልና ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ፕራይሜቶች ከሰውነታቸው መጠን አንጻር ትልቅ አንጎል አላቸው። ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ የሚወልዱት አንድ ልጅ ነው፤ ልጁም ከእናቱ ጋር ለረዥም ጊዜ ይቆያል። ቺምፓንዚ ልጇን አራትና አምስት ዓመት ታጠባለች። በዚህ ጊዜ ልጅ የትኛው ፍሬ እንደሚበላ፣ ማን ወዳጅ ማን ጉልበተኛ እንደሆነ እያየ ይማራል። ዘግይቶ ማደግ በአንድ በኩል አደጋ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ትምህርት የሚገባበት በር ነው።

እነዚህ ጠባዮች እንዴት መጡ ለሚለው ጥያቄ ከአንድ በላይ መልስ ተሰጥቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግራፍተን ኤሊየት ስሚዝን የመሳሰሉ የአካል ሊቃውንት ምክንያቱ በዛፍ ላይ መኖር ነው አሉ። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ማት ካርትሚል ይህ ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ፤ የዛፍ ሽኮኮ ዕድሜውን በዛፍ ላይ እየኖረ ዓይኖቹ ወደ ጎን ያያሉ፣ ጥፍሩም ሹል ነው። ስለዚህ ካርትሚል ምክንያቱን በቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ነፍሳትን በዓይን አነጣጥሮ በእጅ ከመያዝ ጋር አገናኘው። በ1991 ሮበርት ሱስማን ደግሞ የአበባና የፍሬ ዕፅዋት መስፋፋትን ዋናው ምክንያት አደረገ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ ሦስቱም ወገኖች ግን የአካል ቅርፅ ከኑሮ ጋር አብሮ የተቀረጸ መሆኑን ይስማማሉ።

የጭላዳ እጅና የጉሬዛ እጅ

ይህ መቀረጽ ምን ማለት እንደሆነ ከኢትዮጵያ ከፍታ ሳይወጡ ማየት ይቻላል። ጭላዳ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በሌሎች ደጋዎች የሚኖር፣ ከምግቡ አብዛኛው ሣር የሆነ ብቸኛ ዝንጀሮ ነው። ሌሊቱን በገደል ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ ይነጫል። ሁለቱ እጆች እየተፈራረቁ ይለቅማሉ፤ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። አካባቢው ሲያልቅበት አይነሣም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ጥቂት ወደፊት ይሄዳል። አውራ ጣቱ ከሌባ ጣቱ ጋር ጫፍ ለጫፍ የሚገጥምበት ልክ ከሰው በኋላ ከፍተኛው ነው ይባላል።

መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ የሚለው ተረት የሚያስቅ ቢሆንም በአካል አሠራር በኩል ትክክል ነው። የአፍሪካና የእስያ ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች በመቀመጫቸው ላይ ጠንካራ፣ ፀጉር አልባ ቆዳ አላቸው፤ በገደልና በቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያድሩት በእርሱ ነው። ቀኑንም ሌሊቱንም ተቀምጦ ለሚያሳልፈው ለጭላዳ መቀመጫ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ኑሮ ሌላም ለውጥ አስከትሏል። በሌሎች ዝንጀሮዎች ዘንድ የሴቷን ለመራባት ዝግጁ መሆን የሚያሳየው በጀርባ በኩል ያለው ቆዳ ነው፤ ጭላዳ ግን ተቀምጦ ስለሚውል ምልክቱ በደረት ላይ ባለው ቀይ ገላ ይታያል። የወንዱም ደረት ቅላት በመንጋው ውስጥ ካለው ደረጃ ጋር ይያያዛል።

በዚያው አገር ጫካ ውስጥ የሚኖረው ጉሬዛ በተቃራኒው አውራ ጣቱን አጥቷል ማለት ይቻላል፤ የቀረችው ትንሽ ጉብታ ናት። አራቱ ጣቶቹ እንደ ሜንጦ ታጥፈው ቅርንጫፍ ይይዛሉ። ቅጠል በብዛት የሚበላ በመሆኑም ሆዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ምግቡን ያብላላል። አንዱ አውራ ጣቱን አሳመረ፣ ሌላው ተወው፤ ሁለቱም ግን ለኑሯቸው የሚስማማውን ይዘው ቀርተዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ፍልስፍናዊ ነው። ብዙ ሰው ዝግመተ ለውጥን ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል አድርጎ ይስለዋል፤ ዝንጀሮ መሃል ላይ፣ ሰው ጫፍ ላይ። ጭላዳና ጉሬዛ ግን ወደ ሰው በመጓዝ ላይ ያሉ፣ መንገድ የቀራቸው ፍጡራን አይደሉም። እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ የተሟሉ ናቸው። ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚለው የተለመደ አባባልም በዚህ ምክንያት ስሕተት ነው። ሳይንሱ የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ከስድስት እስከ ስምንት ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ሰውና ዝንጀሮ ደግሞ ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ዛሬ የሌለ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። ጭላዳ የሰው አያት ሳይሆን ሩቅ የአጎት ልጅ ነው።

መመሳሰልና መዛመድ

መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም። አንድ አናጢ ወንበርና አልጋ ሲሠራ ተመሳሳይ ማጋጠሚያ እንደሚጠቀም ሁሉ፣ አንድ ፈጣሪ ለብዙ ፍጡራን አንድ ዓይነት እጅ ሊሰጥ ይችላል የሚል መልስ ከጥንት ጀምሮ ይሰማል። መልሱ ለሚጠቅሙ ብልቶች ይሠራል። የሚከብደው ለማይጠቅሙት ነው።

አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ቫይታሚን ሲን በጉበታቸው ይሠራሉ፤ ፍየል ብርቱካን ባትበላ አትታመምም። ሰው ግን ከምግብ ካላገኘው ድዱ ይደማል፣ ቁስሉ አይድንም፤ ለወራት በባሕር ላይ ይቆዩ የነበሩ መርከበኞችን የፈጀው ስከርቪ የተባለው በሽታ ይህ ነው። ምክንያቱ ቫይታሚኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው ጂን በሰው ውስጥ ተበላሽቶ መገኘቱ ነው። ጂኑ አልጠፋም፤ የማይሠራ ሆኖ በቦታው አለ። በቺምፓንዚ፣ በጎሪላ፣ በዝንጀሮና በጦጣም ተበላሽቶ ይገኛል፤ በሌሙር ግን ይሠራል። ሁለት ተማሪዎች ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ሁለቱም አጥንተው ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ስሕተት በአንድ ቦታ ላይ ቢጽፉ ግን መምህሩ የጋራ ምንጭ መኖሩን ይጠረጥራል።

ሌላው ምስክር ጅራት ነው። ሰው በማኅፀን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጅራት አለው፤ በኋላ ይጠፋል፣ የሚቀረው በጀርባ አጥንት መጨረሻ ያሉት ጥቃቅን አጥንቶች ናቸው። በ2024 የታተመ ጥናት ሰውና ጅራት አልባዎቹ ዘመዶቹ በአንድ ጂን ውስጥ በአንድ ቦታ የገባች ተመሳሳይ ቁራጭ እንደሚጋሩ፣ ጅራታቸውን በማጣታቸውም የእርሷ እጅ እንዳለበት አሳይቷል። በ2005 የቺምፓንዚ የዘር መዝገብ ሲነበብም፣ ጎን ለጎን ሊነጻጸሩ በሚችሉት ክፍሎች በአንድ በአንድ ፊደል ደረጃ ከሰው ጋር ያለው ልዩነት 1.2 በመቶ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህን ማስረጃዎች አንድ ላይ የሚመለከት ሰው የሥጋ ዝምድናውን ለመካድ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው።

ከእጅና ከአእምሮ የቱ ይቀድማል?

የሰውን ልዩነት ከአካሉ ላይ ፈልጎ ለማግኘት የተደረገው ሙከራ ጥንታዊ ነው። ግሪካዊው አናክሳጎራስ ሰው ከእንስሳት ሁሉ አዋቂ የሆነው እጅ ስላለው ነው ብሎ ነበር። አርስቶትል ነገሩን ገለበጠው፤ ሰው አዋቂ ስለሆነ እጅ ተሰጠው፣ ተፈጥሮ መሣሪያን የምትሰጠው ሊጠቀምበት ለሚችል ነውና አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ሐሳብ ጨመረ። እጅ ባይኖር አፍ ምግብን ከመሬት ለመልቀም ይገደድ ነበር፤ ከንፈር ይወፍር፣ ፊት ይሾል፣ ምላስም ይጠነክር ነበር፤ እጅ የመብላትን ሥራ ስለተሸከመለት አፍ ለንግግር ነፃ ወጣ።

ጎርጎርዮስ ያየው የአካል ግንኙነት እውነትነት አለው፤ ጭላዳ ሣር እየበላ እንደ ላም ያለ አፍ ያላወጣው እጁ ስለሚያጭድለት ነው። ነገር ግን ያው ጭላዳ አይናገርም። ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያወጣው ድምፅ የሰው ንግግር ካለው ምት ጋር እንደሚቀራረብ በ2013 ተዘግቧል፤ ያም ሆኖ ምት እንጂ ቃል አይደለም። እጅ ለንግግር መንገድ ይጠርጋል እንጂ ንግግርን አይወልድም።

የአዋሽ ሸለቆ ቅሪቶች ለዚህ ጥንታዊ ክርክር ያልተጠበቀ ማስረጃ አቅርበዋል። ከአራሚስ የተገኘችውና በ2009 ዝርዝር ጥናቷ የታተመው አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ዳሌዋ ቀጥ ብላ ትራመድ እንደነበር ሲያመለክት የእግሯ አውራ ጣት ግን አሁንም ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ሲኖራት በሁለት እግሯ በሚገባ ትሄድ ነበር። የአንጎሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይርቅም፤ የዛሬ ሰው አንጎል በአማካይ 1350 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን የእርሷ የዚያ ሲሦ ገደማ ነበር። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኟት ሕፃን ሰላም፣ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት፣ የትከሻዋ አጥንት ወደ ጎሪላ ያደላል፤ ከምላሷ ሥር የተገኘችው ትንሽ አጥንትም የሰው ሳይሆን የሰው መሰሎቹን ትመስላለች። በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጥራሉ። በሔርቶ የተገኙት የዘመናዊ ሰው የራስ ቅሎች ደግሞ 160,000 ዓመት ገደማ ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ እግር ቀደመ፣ መሣሪያ ተከተለ፣ ትልቁ አንጎል በመጨረሻ መጣ። ሰውን ሰው ያደረገው ነገር ሁሉ በአንድ ቀን አልተገኘም። ለውጡም ያለ ዋጋ አልመጣም። ቀጥ ብሎ መሄድ ዳሌን አጠበበ፤ አንጎል ሲያድግ የሕፃን ራስ ተለቀ፤ በዚህ ምክንያት የሰው ምጥ ከአብዛኞቹ ፕራይሜቶች የከበደ ሆነ። የወገብ ሕመምም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። ይህ አካል ከነበረው ላይ እየተጠገነ የመጣ አካል ነው፤ ጥገናውም ምልክቱን ትቷል።

ክብርን በብልት ላይ የማንጠልጠል አደጋ

ክብርን በብልት ላይ ማንጠልጠል አደገኛ መሆኑን የሥነ አካል ታሪክ በተደጋጋሚ አስተምሯል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ ሐኪም ገሌን የሰውን ሬሳ መክፈት ስላልቻለ የሰሜን አፍሪካን ጦጣ እየከፈተ ጻፈ። ሐኪሞች ከ1300 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በዚያ መጽሐፍ ሲማሩና ሲያክሙ ኖሩ፤ በ1543 ቬሳልየስ ስሕተቶቹን እስኪያርም ድረስ ብዙዎቹ አልታወቁም። ሁለቱ አካላት ይህን ያህል ተቀራራቢ ነበሩ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ታይሰን ለንደን ውስጥ የሞተን አንድ ወጣት ቺምፓንዚ ከፍቶ መርምሮ ውጤቱን በ1699 አሳተመ። በ48 ነጥቦች ሰውን፣ በ34 ነጥቦች ደግሞ ዝንጀሮን እንደሚመስል ቆጠረ። ማንቁርቱም አንጎሉም የሰውን የሚመስሉ ሆነው ሳለ እንስሳው አለመናገሩ ታይሰንን ወደ አንድ መደምደሚያ አደረሰው፦ ንግግርና አስተሳሰብ ከብልቶቹ ብቻ የሚመነጩ ቢሆኑ ኖሮ ይህ እንስሳ ይናገር ነበር፤ ስለዚህ ከብልት የሚልቅ ነገር አለ። የሉተራን ቄስ ልጅ የነበረው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1735 ሰውን ከሰው መሰል እንስሳት ጋር በአንድ ክፍል መደበ፤ በ1758 ክፍሉን ፕራይሜት አለው። በ1747 ለአንድ የሥራ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ፣ በሥነ ተፈጥሮ ሕግ ሰውን ከእነዚህ እንስሳት የሚለይ የአካል ምልክት የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ጠይቆ ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ሪቻርድ ኦወን ምልክቱን አገኘሁ አለ። በአንጎል የኋላ ክፍል ያለች አንዲት ትንሽ ጉብታ በሰው ብቻ ትገኛለች፤ በዚህ ምክንያት ሰው ለብቻው ንዑስ ክፍል ሊሰጠው ይገባል ብሎ በ1857 አስተማረ። ቶማስ ሃክስሊና ጓደኞቹ የቺምፓንዚና የሌሎች ፕራይሜቶችን አንጎል ከፍተው ጉብታዋን አሳዩ፤ ሃክስሊም በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን ዘጋው። የኦወን ስሕተት የአንጎል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የሰውን ክብር በአንዲት ጉብታ ላይ ስላንጠለጠለው ጉብታዋ በዝንጀሮ ስትገኝ ክብሩም አብሮ የወደቀ መሰለ። ዛሬም መሣሪያ መሥራትን፣ ራስን በመስተዋት ማወቅን ወይም ሐዘንን የሰው ብቻ ምልክት የሚያደርግ ሁሉ ቺምፓንዚ በእንጨት ምስጥ ሲያወጣ በታየ ቁጥር ድንጋጤ ይይዘዋል።

የሃይማኖት መልሶች

ቀደምት የሃይማኖት መምህራን ግን መልሱን ሌላ ቦታ ነበር ያስቀመጡት። በኦሪት ዘፍጥረት የምድር አራዊትና ሰው የተፈጠሩት በአንድ ቀን፣ በስድስተኛው ቀን ነው፤ ምድር አራዊትን አወጣች፣ ሰውም ከምድር አፈር ተበጀ። መጽሐፈ መክብብ በሦስተኛው ምዕራፍ የሰውና የእንስሳ ሞት አንድ መሆኑን፣ እስትንፋሳቸውም አንድ መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው አራት ባሕርያተ ሥጋ አሉት፤ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት። አራቱም በሌላውም ፍጥረት ውስጥ ያሉ ናቸው። የሥላሴ አርአያ የሚታየው በሥጋው ቅርፅ ሳይሆን በነፍሱ ነው፤ በልቡ፣ በቃሉና በእስትንፋሱ። ይህ ትምህርት በአውራ ጣት ወይም በአንጎል ጉብታ ላይ የቆመ ስላልሆነ አጥንት ቆፋሪ በሚያገኘው ነገር አይናወጥም።

አውግስጢኖስም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ተመሳሳይ መስመር ይዟል። በሩቅ አገር ይኖራሉ ስለሚባሉ እንግዳ መልክ ያላቸው ሕዝቦች ሲጽፍ፣ መልኩ ምንም ቢሆን ሟችና አሳቢ ፍጡር የሆነ ሁሉ የአዳም ልጅ ነው፤ ጦጣና ዝንጀሮ ደግሞ መልካቸው ቢቀራረብም ሰው አይደሉም አለ። በሙስሊሙ ዓለም ኢብን ኻልዱን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፍጥረት ከማዕድን ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳ በደረጃ እንደሚያያዝ፣ የዝንጀሮዎች ዓለምም ከማሰብ ደረጃ በታች ከሰው ጋር እንደሚጎራበት ጽፏል። ይህ የዳርዊን ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ዘርን ሳይሆን ደረጃን የሚናገር ነው። ቢሆንም መጎራበቱን ማየት እምነትን እንደማያፈርስ ያሳያል። ቁርኣንም ሰው ከጭቃ መፈጠሩንና መንፈስ እንደተነፋበት በአንድነት ያነሣል። በዘመናችን የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በጳጳስ ፒዮስ 12ኛ የ1950 መልእክት፣ የሰው ሥጋ ከቀደመ ሕይወት ካለው ነገር መምጣቱን መመርመር እንደሚቻል፣ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አስተምራለች። ሥጋ ከዘር ሊወረስ ይችላል፤ ክብር ግን ከዘር ግንድ አይለካም ማለት ነው።

ሁሉም አማኝ በዚህ አይስማማም። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የአዳምን አፈጣጠር ቃል በቃል የሚወስዱ፣ ዝግመተ ለውጥን ለእንስሳት ተቀብለው ለሰው የማይቀበሉ፣ ሁሉንም የማይቀበሉም አሉ። በሌላው ጠርዝ ያሉ ጸሐፊዎች ደግሞ ዝምድናው ከተረጋገጠ ሰው ከእንስሳነት በቀር ምንም አይደለም ይላሉ። ሁለቱ ተቃራኒዎች አንድ መነሻ ይጋራሉ፤ ሁለቱም ክብር ከአካል ምንጭ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አንዱ ክብሩን ለማዳን አጥንቱን ይክዳል፣ ሌላው አጥንቱን ተቀብሎ ክብሩን ይክዳል።

ለዚህ መነሻ የሚሆነው ምርጥ መልስ ከሕይወት ልማድ ይገኛል። ክብር በማሰብና በመናገር ችሎታ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ ገና ያልተናገረ ሕፃን ከአዋቂ ቺምፓንዚ ባነሰ ነበር፤ ቺምፓንዚው በብዙ ነገር ይበልጠዋልና። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ግን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ ስም ትሰጣለች፣ ታቆርባለች። በሙስሊሙም ቤት አዲስ በተወለደ ሕፃን ጆሮ አዛን ይባላል። ሕፃኑ አይመልስም፤ ቢሆንም ጥሪው ለእርሱ ነው። አእምሮው የደከመ አረጋዊም ከማኅበሩ አይሰረዝም። እነዚህ ልማዶች ሰው የሚከብረው ባለው ብልት ወይም በሚያሳየው ችሎታ ሳይሆን በተጠራበት ጥሪና በገባበት ግንኙነት መሆኑን ያስተምራሉ። ይህን ጥሪ ሊያረጋግጥም ሆነ ሊሽር የሚችል የአጥንት መለኪያ የለም። እምነቱን ላልያዘ ሰውም ቢሆን ነጥቡ ይሠራል፤ የሰው ልጆችን እኩልነት የሚቀበል ሁሉ የራስ ቅል ለክቶ አይደለም የተቀበለው።

ከዝምድና የሚከተል ግዴታ

የሰው ልጅ ለእነዚህ ዘመዶቹ ያለው አመለካከት ከማምለክ እስከ ማላገጥ ተለዋውጧል። ጥንታውያን ግብፃውያን ነጭ ዝንጀሮን የጥበብ አምላክ ከሚሉት ከቶት ጋር አያይዘው ያከብሩት፣ ሲሞትም ያደርቁት ነበር፤ ዝንጀሮው የአገራቸው ስላልነበረ ከደቡብ ያስመጡት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ ዝንጀሮ የኃጢአተኛ ምሳሌ ሆኖ ይሳል ነበር። ሁለቱም እንስሳውን እንደራሱ አላዩትም።

ዛሬ ጥያቄው ተለውጧል። በ2017 የታተመ ሰፊ ግምገማ ከፕራይሜት ዝርያዎች 60 በመቶ ያህሉ የመጥፋት ሥጋት እንዳንዣበበባቸው፣ 75 በመቶ ያህሉም ቁጥራቸው እየቀነሰ መሆኑን አስታውቋል። ዋናዎቹ ምክንያቶች የደን ምንጣሮ፣ እርሻና አደን ናቸው። በደቡብ ኢትዮጵያ የቀርከሃ ደኖች ላይ ኑሮውን የመሠረተው የባሌ ጦጣ ደኑ ሲጠፋ ኑሮው ይናጋል። የአካሉ መላመድ ያንን ቦታ ብቻ ያወቀ ፍጡር ቦታው ሲቀየር የሚላመድበት ጊዜ አያገኝም።

እዚህ ላይ የሰው ልዩነት በተግባር ይታያል። ከ500 በላይ ከሚሆኑት ፕራይሜቶች መካከል የሌላውን ዝርያ መጥፋት ሊያውቅ፣ ሊጠየቅበትና ሊከላከለው የሚችል አንዱ ብቻ ነው። ክብር ማለት ይህ ተጠያቂነት ከሆነ የአካል ዝምድና አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ለማን እንደሚጠየቅ ይነግረዋል። ሰው ከእንስሳት ጋር በሥጋ መዛመዱን ሳይንስ አሳይቷል፤ በዝምድናው ምክንያት ክብሩ ቀነሰ የሚለው ግን የሳይንስ ግኝት ሳይሆን የተሳሳተ ፍልስፍና ነው። ሃይማኖትም ክብሩን ለመጠበቅ አጥንቶቹን መካድ አያስፈልገውም።